ግማሹን መስማት፦ የትሕትና ትምህርትና የቤተሰብ ሥርዓት በደብረ ታቦርና አካባቢው ታሪክ



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ጉዳይ በታሪክ ክፍሎቻችን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው። ስለ ደብረ ታቦር ስንናገር ራስ ጉግሣ መርሶን፣ የየጁ መሳፍንትን፣ ጋፋትንና ሴባስቶፖልን እናነሣለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ቤት አለ፤ በቤቱም ውስጥ ባልና ሚስት፣ ልጆች፣ አሽከሮችና ገረዶች፣ በአንድ ዘመንም ባሮች አሉ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት ይኖሩ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ስለ ትሕትና ያስተማረቻቸውንስ በየቤታቸው እንዴት ሰሙት? ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ይህን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የታሪክ ሰው ከሰነድ መጀመር አለበት ይባላል፤ እኔ ግን ይቅርታችሁን ጠይቄ ከአንድ ገበቴ ልጀምር። ያደግሁት በፋርጣ ነው። አባ የምንላቸው ወንድ አያቴ ቄስ ነበሩ። ማታ ማታ ከሥራ ሲገቡ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ እምዬ የምንላቸው ሴት አያቴ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ያመጣሉ፤ ተንበርክከው እግራቸውን ያጥባሉ፤ ሲጨርሱም ይስማሉ። እምዬ ካልተመቻቸው ከልጆቹ አንዳችን እናጥባለን። እንግዳ ሲመጣም እንዲሁ ነው። በዚህ ነገር የሚገረም ሰው በአካባቢያችን አልነበረም።

በአንድ ጸሎተ ሐሙስ አባ ከሌሎቹ ካህናት ጋር ሆነው የምእመናኑን እግር በወይንና በወይራ ቅጠል ሲያጥቡ ውለው፣ ቅዳሴው ሲያበቃ ወደ ቤት ገቡ። ጉልባኑ ቀርቧል። እንደ ልማዳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ። እምዬ ገበቴውን አስቀምጠው ቀና አሉና፣ «ዛሬስ የኔን ያጥቡልኛል ብዬ ነበር፣ አባ» አሉ። በቀልድ ነበር ያሉት፤ እኛ ልጆቹም ሣቅን። አባ አልሣቁም። እግራቸውን ከገበቴው አውጥተው በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁና ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ማታ እግራቸውን ራሳቸው ይታጠቡ ጀመር፤ እምዬን ግን አንድ ቀንም አላጠቧቸውም። እምዬ በእርጅናቸው ዘመን ይህን ሲያስታውሱኝ፣ «ግማሹን ሰሙኝ» ነው ያሉት።

የንግግሬን ርእስ የወሰድሁት ከእርሳቸው ነው።

በመጽሐፉ ልቀጥል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 5 እና 6 የቤተሰብን ሥርዓት ይዘረዝራል፤ ሚስቶችና ባሎች፣ ልጆችና ወላጆች፣ ባሮችና ጌቶች። እነዚህ ሦስት ጥንዶች አዲስ አይደሉም። አርስቶትል ፖለቲካ በተባለው ድርሳኑ የመጀመሪያ መጽሐፍ ላይ ቤትን በእነዚሁ በሦስቱ ከፍሎት ነበር፤ የእርሱ ንግግር ግን ለቤቱ ጌታ ብቻ ነበር፤ እንዴት እንደሚያስተዳድር ያስተምረዋል። የሐዋርያው መልእክት ከዚህ የሚለየው በመጀመሪያ ከታች ላሉት ስለሚናገር ነው፤ ሚስት፣ ልጅና ባሪያ ራሳቸውን ችለው እንደሚሰሙና እንደሚወስኑ ሰዎች ተጠርተዋል። ከዚያ ወደ ባልየው ዞሮ፣ በቃል ሲታይ ቀላል የሚመስል፣ ሲያስቡት ግን እጅግ የሚከብድ ነገር ያዝዘዋል፤ ክርስቶስ ራሱን ለቤተ ክርስቲያን አሳልፎ እንደሰጠ አንተም እንዲሁ ውደድ ይለዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ቁጥር 21 አለች። ሁሉም እርስ በርሱ እንዲገዛ የምታዝዝ አጭር ቁጥር ናት። በብዙዎቹ የታተሙ መጻሕፍት ከቁጥር 22 በፊት አዲስ አንቀጽ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ርእስ ይገባበታል። ስለዚህ አንባቢው የሚስትን መገዛት ብቻውን ቆሞ ያገኘዋል። ነገር ግን ከጥንታውያኑ የግሪክ ቅጂዎች በሁለቱ፣ ፓፒረስ 46 በሚባለውና በቫቲካን ቅጂ፣ ቁጥር 22 የራሱ ግስ የለውም፤ ግሱን ከቁጥር 21 ይዋሳል። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ለኔ ግን የክርክሩ ሁሉ ማጠንጠኛ እዚህ ላይ ነው፤ ግሱ የተዋሰ ከሆነ የሚስት መገዛት የጋራው መገዛት አንድ ዘርፍ ይሆናል፤ ከእርሱ ተቆርጦ ሕግ ሊሆን አይችልም።

አፈወርቅ ብለን የምናከብረው የ4ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ዮሐንስ ይህን ክፍል ሲያብራራ እስከ ባሪያና ጌታ ድረስ ይሄዳል፤ ጌታና ባሪያ አንዱ ሌላውን ቢያገለግል እንደሚሻል ያስተምራል። ቤትን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያላት እርሱ ነው። በቆሮንቶስ መልእክት ላይ ባደረገው ስብከትም ሚስቱን የሚመታን ባል ክፉኛ ይገሥጻል። ይሁንና አፈወርቅም ራስነትን ከባልየው አልነጠቀም፤ ባል ራስ፣ ሚስት አካል ትሆናለች፤ ራስ የሆነው ግን እስከ ሞት ድረስ ማገልገል አለበት። ዛሬ በአንዳንድ ጽሑፎች አፈወርቅን የዘመናችን የእኩልነት ጠበቃ አድርጎ የማቅረብ ዝንባሌ አያለሁ። እንዲህ ማድረግ ሊቁንም ታሪኩንም መበደል ይመስለኛል።

በኛ ቋንቋ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ትሕትና ከግእዙ ታሕት የወጣ ነው፤ ዝቅ ማለት፣ ከታች መሆን። መገዛት የሚለው ግስ ደግሞ ከገዛ ይመጣል፤ ገዛ በአማርኛ ሸመተም አስተዳደረም ማለት ነው። ገዥ፣ ግዛት፣ ተገዥ ሁሉ ከዚህ ይወለዳሉ። ስለዚህ የበጌምድር ገበሬ «ተገዙ» የሚለውን በቤተ ክርስቲያን ሲሰማ በጆሮው የሚያቃጭለው የገበያው፣ የባሪያ ንግዱና የአገረ ገዥው ድምፅ ነው። እርስ በርስ መገዛት የሚባል ነገር በእንዲህ ያለ ቃል ሲነገር ለሰሚው እንቆቅልሽ ነው፤ ሁለት ሰዎች እንዴት አንዱ የሌላው ገዥ፣ አንዱም የሌላው ተገዥ ይሆናሉ?

ይህን ካነሣሁ ዘንድ ስለ አንቱታም ልበል። በአካባቢያችን የቀድሞ ቤቶች ሚስት ባልዋን አንቱ ትላለች፤ እርሱ አንቺ ይላታል። ልጆች አባታቸውን አንቱ፣ እናታቸውን አንቺ ይላሉ። እግዚአብሔርን ግን በጸሎታችን ሁላችንም አንተ እንላለን። እምዬ ማለዳ ተነሥተው ፈጣሪያቸውን አንተ ብለው ሲለምኑ፣ ማታ ባላቸውን አንቱ ብለው እግራቸውን ያጥባሉ። የዚያኑ ያህል ደግሞ አማርኛ ባለቤት የሚል ቃል አለው፤ ባልም ስለ ሚስቱ፣ ሚስትም ስለ ባልዋ ባለቤቴ ይላሉ። በቤተሰብ ቃላታችን ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሚሄድ እንደዚህ ያለ ቃል ጥቂት ነው።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፃዊው ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዓረብኛ የተዘጋጀ፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ከ51 አንቀጾቹ 22ቱ በመንፈሳዊ ጉዳይ፣ የቀሩት በሥጋዊ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ አንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ ነው። በመጽሐፉ አስተሳሰብ ጋብቻ የማይፈታ ምሥጢር ነው። የደጋው ሕዝብ ግን በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ጋብቻ አልኖረም። የቁርባን ጋብቻ የካህናትና የጥቂት ምእመናን ነበር፤ ብዙዎች ባልና ሚስቶች የሚቆርቡት ልጆቻቸውን ድረው፣ ዕድሜያቸው ገፍቶ፣ መለያየት የማይታሰብበት ጊዜ ሲደርስ ነው። ጎልማሳው በሰማንያ ይጋባል፤ ሽማግሌ፣ ዋስና ውል ያለበት፣ ሲያስፈልግም በድርሻ የሚፈታ ጋብቻ ነው። ከዚያ በታች የደሞዝ ሴት ነበረች፤ የእርሷ ነገር ከሠራተኛ ቅጥር ብዙም አይለይም።

የዚህን ውጤት ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ስለ ባልና ሚስት የሚነገረው ታላቁ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሥርዓተ ተክሊልና በቁርባን ዙሪያ የተሰበሰበ ነው። ወጣቱ ባል፣ ማለትም እጁን ለማንሣት የሚቸኩለው፣ በዚያ ሥርዓት ውስጥ አላለፈም። ትምህርቱ የተነገረው ደማቸው ለበረደ ሽማግሌዎች ነበር ብል አጋነንህ እንዳትሉኝ።

በአንጻሩ የሰማንያ ጋብቻ ለሴቲቱ አንድ ነገር ይሰጣታል፤ መውጫ በር። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ስለሚወረስ የደጋዋ ሴት ባዶ እጇን አልነበረችም። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ሴቶች መሬት ሲወርሱ፣ ሲሸጡና ሲገዙ፣ ሲሟገቱም በስማቸው ተመዝግበው አግኝቷቸዋል። የተበደለች ሚስት አኩርፋ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፤ ባል ሽማግሌ ልኮ፣ ክሶ ይመልሳታል። በዚያች ሰዓት ዝቅ የሚለው እርሱ ነው። በትልቅ ጠብ በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምንበትን ሥርዓት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የነፍስ አባትም በየቤቱ እየገባ ይገሥጻል፤ ቄሱ የባልንም የሚስትንም ኑዛዜ ስለሚሰማ ከሽማግሌ ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ ከላይ ከመጽሐፉ የወረደው ትሕትና በግማሹ ቢሰማም፣ ከታች ከመሬቱና ከሽምግልናው የወጣ ሌላ ትሕትና ነበር። ይህኛው በፍርሃትና በጥቅም የተደገፈ ነው፤ ቢሆንም ሠርቷል።

አሁን ወደ ከተማችን ሁለት ታላላቅ ቤቶች ልመለስ።

የመጀመሪያው የካሣ ኃይሉ ቤት ነው። ካሣ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ያገባው ለፖለቲካ ነበር፤ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን የሚገዙት ራስ አሊና ጎንደር ያሉት እናታቸው እቴጌ መነን የቋራውን ሸፍታ በጋብቻ ሊያስሩት ፈለጉ። ተዋበች ግን የታሰበላትን ሥራ አልሠራችም። በአባቷና በባልዋ መካከል ጠብ በመጣ ጊዜ ከባልዋ ጋር ቆመች። ኦሪት ዘፍጥረት አባቱንና እናቱን የሚተወው ወንዱ ነው ይላል፤ በእኛ ልማድ የምትተወው ሴቲቱ ናት፤ ተዋበች ደግሞ ጦር ያለውን አባት ተወች። ካሣ በ1845 በአይሻል ራስ አሊን ድል አድርጎ፣ በየካቲት 1847 በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ፣ ከተዋበች ጋር በቁርባን ተወስኖ መኖርን ለሠራዊቱም ምሳሌ ሊያደርገው ፈለገ። በመሳፍንቱ ዘመን ብዙ ሴት ማስቀመጥ የሹመት ምልክት ነበርና አንድ ገዥ በፈቃዱ በአንዲት ሚስት መወሰኑ ሰውን አስደንቋል፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንም ይህን ታማኝነቱን ለመንግሥቱ ጽፏል።

ተዋበች በ1850 መጨረሻ ዐረፈች። ብዙ ጸሐፊዎች የንጉሡን ጠባይ መለወጥ ከእርሷ ሞት ጋር ያያይዙታል። እኔ በዚህ ረገድ እጠነቀቃለሁ፤ የአንድን መንግሥት ውድቀት በአንዲት ሴት ሞት መፍታት ለተረት ይመቻል፤ ያመፁትን አውራጃዎች፣ የደመወዙን ችግር፣ ከካህናቱ ጋር የተነሣውን የመሬት ጠብ ግን ይሸፍናል።

ከእርሷ በኋላ የመጣችው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ጥሩወርቅ ናት። አባቷን ያሰረው ሰው ሚስት ሆነች። ልጃቸው ዓለማየሁ በ1853 በዚሁ በደብረ ታቦር ተወለደ። ጥሩወርቅ መጽሐፍ የምታነብ፣ ምንኩስናን የተመኘች ሴት ነበረች። በመቅደላ ከታሰሩት አንዱ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ የሚተርከው ነገር አለ፤ ንጉሡ ሲገቡ ዳዊት እየደገመች ቀና አላለችም፤ ለምን ብለው ሲቆጡ፣ ከእርስዎ ከሚበልጥና ከሚጸድቅ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርሁ ነው የሚል መልስ ሰጠቻቸው።

ይህን ታሪክ ስንሰማ በጥሩወርቅ ድፍረት እንደሰታለን። እስቲ በትሕትና መነጽር እንየው። መዝሙረ ዳዊት የንስሐና የዝቅታ መጽሐፍ ነው፤ እርሷ ግን ባልዋን ዝቅ ለማድረግ ተጠቀመችበት። ልፈርድባት አልችልም። አባቷ በእስር ያለ፣ ሳትፈልግ የተዳረች ሴት «ትሑት ሁኚ» ሲሏት ምን ልትሰማ ትችላለች? ትሕትና ከነጻ ሰው ሲመጣ ምግባር ነው፤ ከታሰረ ሰው ሲጠየቅ ሌላ ስም አለው። ንጉሡም በደብዳቤዎቻቸው ራሳቸውን የእግዚአብሔር ባሪያ ይሉ ነበር፤ ወደ ላይ ያለው ዝቅታቸው እውነት መሆኑን አልጠራጠርም። ወደ ጎን ግን አልዞረም። በ1860 መጀመሪያ ይህችን ከተማ አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፉን የጎተተው ሕዝብ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ቤት የራስ ጉግሣ ወሌና የዘውዲቱ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ልጅ ነው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰመ፣ መጽሐፍና ቅኔ የሚወድድ ሰው ነበር። የዐፄ ምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ያገባው በ1892 ገደማ፣ በአክስቱ በጣይቱ ፈቃድ ነው። ዘውዲቱ ከእርሱ በፊት በፖለቲካ የተዳረችባቸውን ትዳሮች አይታለች፤ ይህኛው እንደ ሌሎቹ አልነበረም፤ ዓመታትን አብረው ኖሩ።

በመስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ሲሻር መኳንንቱ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት አደረጓት። ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረው፤ ከባልዋ መለየት አለባት። እርሷ አዲስ አበባ ነገሠች፤ እርሱ በጌምድርን እንዲገዛ ተላከና ደብረ ታቦር ተቀመጠ። ለዚህ ውሳኔ የፖለቲካ ምክንያት መኖሩ ግልጽ ነው። የሸዋ መኳንንት የጣይቱ ወገን እንደገና ወደ ቤተ መንግሥት እንዲገባ አልፈለጉም። ነገር ግን ፍርሃታቸው ሊቆም የቻለው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ባል ካለ ራስ እርሱ ነው። ንግሥተ ነገሥታትም ብትሆን በቤቷ ተገዥ ናት፤ በቤቷ ተገዥ ከሆነች አገሪቱን የሚገዛው ባልዋ ነው። ዘውድ የጫነች ሴትና ባልዋ እርስ በርሳቸው ሊገዙ ይችላሉ ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ሸንጎ አልነበረም። ከኤፌሶን መልእክት ቁጥር 22ን የሰሙ፣ ቁጥር 21ን ያልሰሙ ሰዎች ያደረጉት ውሳኔ ይመስለኛል። ይህ የኔ ንባብ ነው፤ ልትሞግቱኝ ትችላላችሁ።

የሚያሳዝነው ነገር ውሳኔውን ለመጠበቅ ሌላውን ትምህርት መጣስ ነበረባቸው። እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው የሚለውን በየሠርጉ የምታነብብ አገር፣ በዘውድ በዓሏ ዋዜማ ባልና ሚስትን ለየች። ዘውዲቱ በጾምና በጸሎት፣ አብያተ ክርስቲያናትን በማነጽ ኖረች። ጉግሣ በዚህ ከተማ 13 ዓመት ያህል ከረመ። ተፈሪ መኰንን በ1921 ንጉሥ ከተባሉ በኋላ ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 በአንቺም ጉግሣ ተሸንፎ ተገደለ፤ በዚያ ውጊያ አውሮፕላንም ውሏል። ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ዐረፈች። ታማ ነበር፤ ጾሙም ዐቢይ ጾም ነበር። በሁለቱ ሞት መካከል ስላለው ግንኙነት ብዙ ተወርቷል፤ እኔ የምጨምረው የለም።

ስለ ባሮች አልፌ እንዳልሄድ ጥቂት ልበል። በሐዋርያው ዝርዝር ሦስተኛው ጥንድ እርሱ ነው። በደጋው ታላላቅ ቤቶች ውሃ የሚቀዱት፣ የሚፈጩት፣ እግር የሚያጥቡትም ባሮች ነበሩ። ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ለማገድ ሞክረዋል፤ የ1916ቱ አዋጅ ቀስ በቀስ ነጻ የማውጣት መንገድ አበጀ፤ የ1934ቱ አዋጅ ባርነትን በሕግ ፈጽሞ ሻረ። እንግዲህ ከሦስቱ ጥንዶች አንዱን ራሱን ከቤት አስወጣነው። ዛሬ ስለ ባሪያና ጌታ የተነገረውን ክፍል በየትኛውም ደብር የባርነት ድጋፍ አድርጎ የሚሰብክ ካህን የለም። ይህ ከሆነ ስለ ባልና ሚስት የተነገረውንስ የምናነብበው በየትኛው ዓይን ነው? ለነገረ መለኮት ባልደረቦቼ የምተወው ጥያቄ ነው።

የቀሳውስቱን ትምህርት ቤትም ልጥቀስ፤ ምክንያቱም አካባቢያችን የጉባኤ አገር ነው። ጋይንት የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ምድር ነው። የቆሎ ተማሪ በዚያ ዓመታት ሲያሳልፍ ለምኖ ይበላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ምግቡን ራሱ ያበስላል፣ የመምህሩን እግር ያጥባል። ትሕትናን በእጁ የተማረ ሰው ቢኖር እርሱ ነው። ይህ ሰው ቅስና ተቀብሎ፣ በቁርባን አግብቶ ጎጆ ሲወጣ ግን ሽሮ መሥራት እንደማያውቅ ሰው ከጓዳው ይርቃል። አባንም ጠይቄያቸው አውቃለሁ፤ «ያኔ ተማሪ ነበርሁ» አሉኝ። በእርሳቸው መልስ ውስጥ ትሕትና የአንድ ዘመን፣ የመንገድ ላይ ነገር ነው፤ ሰው ሲደርስ ይወጣበታል።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ግማሹን የመስማት ልማድ በሕግ መጽሐፍ ገባ። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። በቁጥር 646 ደግሞ ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ አስገደደ። የሚገርመው፣ የነፍስ አባቱ ተግሣጽም፣ የሽማግሌው ድንጋይም፣ ባል ነፍሱን አሳልፎ ይስጥ የሚለው ትእዛዝም በዚህ ሕግ የሉም። ራስነቱ ከነመስቀሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ያለ መስቀሉ ሕግ ሆነ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ይህን ሽረው ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት እንዲመሩ፣ እንዲከባበሩና እንዲረዳዱ ደነገጉ። በቁጥር 21 መንፈስ የተጻፈውን ሕግ ያመጡልን በብዛት የሴቶች ማኅበራትና የሕግ ባለሙያዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ሌላም ምስክር አለ፤ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በፎገራ ወረዳ ያለውን የአውራ አምባን ማኅበረሰብ ታውቁታላችሁ። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ የእስቴ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የጠየቁት ጥያቄ በሰፊው የታወቀ ነው፤ እናትና አባቴ እርሻ አብረው ውለው ይመጣሉ፤ አባቴ ያርፋል፤ እናቴ ግን መፍጨቱን፣ መጋገሩን፣ እግር ማጠቡን ትያያዘዋለች፤ ይህ ለምን ሆነ? ወላጆች ስለ ልጁ አእምሮ ተጠራጠሩ። ማኅበረሰቡ በ1964 ሲቋቋም ወንድ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የለውም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት አልወደዳቸውም፤ በደርግ ዘመን ማብቂያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተሰድደው፣ ከሥርዓት ለውጡ በኋላ ወደ ጥቂት መሬት ተመለሱ። ሽመናና ወፍጮ ኑሯቸውን ለወጠው። ከዚያም ከየአገሩ ጎብኚ ይሄድ ጀመር።

ከተማሪዎቼ ጋር አውራ አምባን በጎበኘሁ ጊዜ አንዲት ተማሪ በመመለሻው መንገድ፣ «መምህር፣ በዙሪያው ይህን ያህል ደብር እያለ ይህን ያሰበው ያለ ደብር የኖረው ሰው ለምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። በአውቶቡሱ ውስጥ በቂ መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬ የምለው ይህ ነው፤ ዙምራ ገበቴውን ከወለሉ ላይ ሆነው ነው ያዩት። መጽሐፉን የተረጎሙልን አብዛኞቹ መምህራን ግን መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወንጌሉ ውስጥ ጌታ ልብሱን አኑሮ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ሲያጎነብስ ጴጥሮስ የደነገጠው፣ ከመደቡ ላይ ያለ ሰው ወደ ወለሉ ሲወርድ አይቶ ስለማያውቅ ነው። አባም በዚያ ማታ የደነገጡት ይህንኑ ስለሰሙ ይመስለኛል፤ እግራቸውን ከውሃው አወጡ፤ ለመውረድ ግን ጉልበት አጡ።

ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልተውላችሁ። በየደብሩ ባሉት የወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ የኑዛዜና የስጦታ ጽሑፎች አሉ፤ የሴቶችን ስም ፈልጉ፤ ከማን ጋር ሆነው ገዙ፣ ለማን አወረሱ፣ ባል በምስክርነት ቆሟል ወይስ አልቆመም? ከዚያም ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ባላቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደ ነበር፣ ማን ማንን ያጥብ እንደ ነበር፣ አኩርፈው ሲሄዱ ማን ሽማግሌ እንደ ተላከ። እምዬን የጠየቅሁት ሊሞቱ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነው፤ ገበቴው ያኔ የዶሮ ውሃ መጠጫ ሆኖ ነበር።